ዘፈንን በየደረጃው ስለ ማስቀመጥ

የሰው ልጅ የሚወደውን ነገር በመውደድ ብቻ የማይረካ፥ የወደደውንም ሁሉ ካልመዘነና ማንኛው ከማንኛው እንደሚበልጥ ካልወሰነ እንቅልፍ የማይወስደው ፍጥረት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ሐተታ የሚያሻ አይመስለኝም። በቀድሞው ዘመን በግብር አዳራሽ ማን ከማን በላይ፥ ማንስ ከማን በታች እንደሚቀመጥ ጠንቅቆ የሚያውቀው አጋፋሪ ከጠጁም ከጮማውም ይልቅ የሚታሰብ ሰው ነበር፤ ከመኳንንቱም አንዱ ከሚገባው ስፍራ በአንድ ሰው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ የቀረበለት ሁሉ አይዋጥለትም ነበር። ዛሬም የውጤት ካርዱን ይዞ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ ምን ተማርህ ተብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ ስንተኛ ወጣህ ይባላል፤ ሁለተኛ ወጣሁ ያለ እንደ ሆነም «አንደኛ የወጣው ልጅ ሁለት ራስ አለው?» የሚል ተግሣጽ ይከተለዋል። እንዲህ ባለው ሥርዓት ያደገ ሕዝብ ዘፈንን ብቻ ያለ መዓርግና ያለ ተራ እንደ ልቡ እንዲዞር ይተወዋል ብሎ ማሰብ ታላቅ የዋህነት ነው።

ስለዚህ የእኅቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ፥ ቴዲ አፍሮ በሚለው ስም የሚታወቀውን የቴዎድሮስ ካሣሁንን ዜማዎች በቁጥር ስትደረድር ባገኘኋት ጊዜ በነገሩ አልተገረምሁም። ያስገረመኝ አካሄዳቸው ነው፤ ምክንያቱም እኛ በወጣትነታችን «ከሁሉ የሚበልጠው የቱ ነው?» ብለን ከላይ ስንጀምር፥ እነዚህ ልጆች ግን ከሁሉ ከሚያንሰው ተነሥተው ከሁሉ ወደሚበልጠው በዝግታ ይወጡ ነበር። በ2004 ዓ.ም. «ጥቁር ሰው» የተባለው አልበም ሲወጣ ገና ፊደል ይቈጥሩ የነበሩ ልጆች፥ ዛሬ ያንኑ አልበም በ2009 ዓ.ም. ከወጣው «ኢትዮጵያ» ከተባለው ጋር አቀራርበው በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንዲቱ «ማር እስከ ጧፍ» ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት ትላለች፤ ምክንያቷም ዘፈኑ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚያስታውስ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛይቱ መጽሐፉን እንዳላነበበች፥ ነገር ግን ዘፈኑን በሰማች ቍጥር እንደምታለቅስ፥ ሳያነቡ ማልቀስም አንብቦ ከማልቀስ የሚበልጥ መሆኑን ትከራከራለች። ሦስተኛይቱ አንድ የምትወደው ዜማ ዝቅ ብሎ ስለ ተጻፈባት የጫማዋን ማሰሪያ ስትፈታና ስታስር ቈይታ፥ በመጨረሻው ሳትሰናበት ሄደች። እኔም ይህን ሁሉ አይቼ፥ ልጆቹ የያዙት ነገር ጨዋታ ሳይሆን ፍርድ ቤት መሆኑን ተረዳሁ።

በሰንበት ከሰዓት በኋላ ቡና ለመጠጣት የምንሰበሰብ ጥቂት ባልንጀሮች አለን። የእኅቴን ልጅ ነገር በዚያ ጉባኤ ላይ ባነሣሁ ጊዜ፥ የዘመኑን ወጣት በመተቸት ይጀመራል ብዬ ስጠብቅ፥ ሁሉም በአንድ ቃል «እኛስ ለምን ጥላሁንን አናደርግም?» አሉ። በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ጥላሁን ብሎ ማን ማለት እንደ ሆነ መጠየቅ ነውር ነው፤ ነገር ግን ለሚያነብ ወጣት ብዬ እጽፋለሁ። ክቡር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ተወልዶ፥ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ያረፈ፥ በልጅነቱ በወሊሶ ሳለ የሀገር ፍቅር ተጫዋቾችን አይቶ ልቡ ስለ ተነካ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ መንገድ የጀመረ፥ ከሀገር ፍቅር ቲያትርም ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተሻግሮ ድምፁ በመላ አገሪቱ የተሰማ ዘፋኝ ነው። በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ያረፈን ሰው ዘፈኖች በቁጥር ለመደርደር መድፈራችን እንደ ምን ያለ ድፍረት እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ።

የዳኞቹን ማንነት በስም መግለጽ ተገቢ ባይሆንም በሥራቸው ላመልክት። አንደኛው ዕድሜያቸውን በሒሳብ መዝገብ ላይ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው፤ የምንሰበሰበውም በእሳቸው ቤት ነው። ሁለተኛው በአንድ ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸውም ዘፈን እንደማይሰሙ፥ ነገር ግን በመንገድ ሲያልፉ ጆሯቸው ውስጥ የገባውን ማውጣት እንዳልተቻላቸው አስቀድመው አስታወቁ። በመንገድ ሲያልፉ የሰሙትን ያህል እኛ ቁጭ ብለን አለመስማታችን ግን ወዲያው ተገለጠ፤ የሁሉንም ግጥም ከነአዝማቹ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩና። ሦስተኛው በዕድሜ ከሁላችን የሚያንስ፥ ላዳ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። የቤቱ እመቤት ቡና ስለምታፈላ ከዳኞቹ መካከል አልተቈጠረችም፤ ይህም የጉባኤው የመጀመሪያ ስሕተት ነበር። እኔ ብዕር ይዤ ስለ ተገኘሁ ቃለ ጉባኤ ጸሓፊ ተብዬ ተሾምሁ።

የሒሳብ ሰውየው ነገሩ እንዳይበዛ 20 ዘፈኖች ብቻ እንዲመረጡ አሳሰቡ፤ ነገር ግን 20 ዘፈኖችን ሁለት ሁለቱን እያቀራረቡ ለመመዘን 190 ጊዜ መፍረድ እንደሚያስፈልግ በእርሳስ አስልተው ባሳዩን ጊዜ፥ ባለ ላዳው ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ነገሩ እንደማያልቅ ተናገረ። እንዲህም ሆኖ 20ውን ለመምረጥ እንኳ የመጣብን ችግር ሌላ ነበር፤ «አንድ ዘፈን» የሚባለው ምን እንደ ሆነ አናውቅም ነበርና። ለምሳሌ «ኩሉን ማን ኳለሽ» ጥላሁን የዘፈነው፥ ማሕሙድ አሕመድም የዘፈነው፥ ነገር ግን ከሁለቱም አስቀድሞ በየሠርጉ ቤት ሲዜም የኖረ የሕዝብ ዘፈን ነው፤ እንግዲህ ይህን በጥላሁን መዝገብ ላይ ማግባት የሕዝብን ርስት ለአንድ ሰው መስጠት አይሆንም ወይ? ደግሞስ ጥላሁን ራሱ አንዱን ዘፈን በወጣትነቱ ከኦርኬስትራ ጋር፥ በኋላም ከሌላ ጓድ ጋር ደግሞ የዘፈነው እንደ ሆነ፥ የምንመዝነው የወጣቱን ድምፅ ነው ወይስ የአዛውንቱን? ግጥሙን የደረሰው፥ ዜማውን ያወጣውና ሙዚቃውን ያቀናበረው ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ሲሆኑ፥ ምስጋናውን ሁሉ ለአንዱ ለዘፋኙ ማሸከማችንስ በምን ሕግ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ከባድ ስለ ነበሩ፥ በጉባኤ ልማድ መሠረት በይደር አለፍናቸው።

በዚህ ጊዜ የሒሳብ ሰውየው ከቁም ሣጥን ውስጥ የሸክላ ክምራቸውን አወጡ። ስለ ሸክላ ነገር ትንሽ መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ መሠረት ሸክላ ወደ አገር የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ግን ዐምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን መብት ተጋፍቶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ሸክላዎቹም በመጀመሪያ በህንድ፥ በኋላም በሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር፤ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስም 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች ለሕዝብ አቀረበ። ዓሊ አብደላ ኬይፋና ሌሎችም ተከተሉት። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፥ በፊቱ አንድ ዘፈን፥ በጀርባው አንድ ዘፈን የሚይዝ ስለ ነበር፥ ደረጃ የማውጣት በሽታ ከሸክላው ጋር አብሮ የታተመ ነው ማለት ይቻላል፤ አሳታሚው የተማመነበትን ዘፈን በፊት ገጹ ያደርጋል፥ ሌላውን በጀርባው ያሳድራል። ገዢውም በአንዱ ገንዘቡን ይከፍላል፥ ሁለተኛውን በምርቃት ያገኛል።

የሒሳብ ሰውየው ክርክሩን በማስረጃ ለመቋጨት የሚያስችል አዲስ ሐሳብ አቀረቡ፤ ይኸውም ሰው በአፉ ሊዋሽ ቢችልም ሸክላው ሊዋሽ አይችልም፥ ስለዚህ በጣም የተጫረው ገጽ በጣም የተወደደው ነው የሚል ነው። ሐሳቡ ሁላችንንም አስደሰተን፤ መነጽራችንን አድርገን፥ ሸክላዎቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሣን ጭረት መቍጠር ጀመርን። ነገር ግን የአንደኛው ሸክላ ጭረት በስለት የተሠመረ ይመስል ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ መሪጌታ ይህ የፍቅር ምልክት ሊሆን እንደማይችል አስተዋሉ። የቤቱ እመቤት በዚህ ጊዜ ከምድጃው አጠገብ ሆና ያን ጭረት ያወጣው ሁለተኛው ልጇ በሚስማር መሆኑን አስረዳች። ሌላው ሸክላ በአንድ ገጹ ብቻ እጅግ የተጫረ ሆኖ በተገኘ ጊዜም፥ የሸክላ ማጫወቻው መርፌ በዚያ ዘመን ደንዝዞ እንደ ነበረ ባለቤቱ ራሳቸው አመኑ። ከዚህ በኋላ ጭረት ለምስክርነት ብቁ አይደለም ተብሎ ተሻረ፤ ሸክላዎቹም በነጻ ተለቀቁ።

ባለ ላዳው የሬዲዮ ምርጫ ይቈጠር አለ። በሬዲዮ አድማጮች ዘፈን ሲመርጡ፥ «ይህንን ዘፈን ለእናቴ፥ ለአባቴ፥ ለእኅቶቼ፥ ለአክስቴ ልጅ፥ ለጎረቤታችን፥ በደብረ ዘይት ለሚገኙ የሥራ ባልደረቦቼ» እየተባለ የሚነበበው የስም ዝርዝር ከዘፈኑ ይልቅ የሚረዝምበት ጊዜ እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል። ነገር ግን የሒሳብ ሰውየው እንዳመለከቱት፥ ያ ሁሉ ሰው ዘፈኑን የመረጠው ዘፈኑን ስለ ወደደው ሳይሆን የዘመዶቹ ስም በሬዲዮ እንዲጠራለት ነው፤ ስሙ እስከ ተጠራለት ድረስ በኋላ የሚከተለው የእንቁራሪት ጩኸት ቢሆንም ግድ አይሰጠውም ነበር። ይህም መንገድ ተዘጋ።

የቀረው ድምፅ መስጠት ብቻ ስለ ነበር፥ ለሙከራ ሦስት ዘፈኖች ቀረቡ፤ እነርሱም «ጩኸቴን ብትሰሙ»፥ «ስትሄድ ስከተላት» እና «የጠላሽ ይጠላ» ናቸው። እኔ ጸሓፊ ስለ ነበርሁ ድምፅ አልነበረኝም፤ ሦስቱ ዳኞች ግን እንደሚከተለው ሰጡ። መሪጌታ «ጩኸቴን ብትሰሙ»ን አንደኛ፥ «ስትሄድ ስከተላት»ን ሁለተኛ፥ «የጠላሽ ይጠላ»ን ሦስተኛ አሉ። የሒሳብ ሰውየው «ስትሄድ ስከተላት»ን አንደኛ፥ «የጠላሽ ይጠላ»ን ሁለተኛ፥ «ጩኸቴን ብትሰሙ»ን ሦስተኛ አደረጉ። ባለ ላዳው ደግሞ «የጠላሽ ይጠላ» አንደኛ፥ «ጩኸቴን ብትሰሙ» ሁለተኛ፥ «ስትሄድ ስከተላት» ሦስተኛ ነው አለ። ቃለ ጉባኤውን ባነበብሁ ጊዜ የደረሰብንን ጉድ ተመልከቱ፤ በድምፅ ብልጫ «ጩኸቴን» «ስትሄድን» ይበልጣል፥ «ስትሄድ» ደግሞ «የጠላሽን» ይበልጣል፥ «የጠላሽ» በበኩሉ «ጩኸቴን» ይበልጣል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ያልተሸነፈ የለም፥ አንዱም ያላሸነፈ የለም። «ነጥብ እንስጥ» ተብሎ ለአንደኛው 2፥ ለሁለተኛው 1፥ ለሦስተኛው ባዶ ቢሰጥም፥ ሦስቱም ሦስት ሦስት ነጥብ አግኝተው እኩል ወጡ። የሒሳብ ሰውየው ደጋግመው ደመሩ፤ በአርባ ዓመት አገልግሎታቸው እንዲህ ያለ ሚዛኑ የጠበቀ፥ ነገር ግን ምንም የማይናገር ሒሳብ አላጋጠማቸውም ነበር።

እኔም የንባብ ጥቅም በእንዲህ ያለ ጊዜ ነውና፥ ይህ ነገር በእኛ ቡና ላይ የተጀመረ አለመሆኑን፥ ኮንዶርሴ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ፥ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ያለ እንከን የሚያስብ ቢሆንም ብዙ ሰዎች ተሰብስበው ሲፈርዱ ግን ብያኔያቸው ዞሮ ዞሮ ራሱን ሊያፈርስ እንደሚችል ማስረዳቱን ነገርኋቸው። በዚያው ዘመን የነበረው ቦርዳ የተባለው ሌላው ፈረንሳዊ ሊቅም ነጥብ የመስጠትን መንገድ ያቀረበ መሆኑን ጨመርሁላቸው። ባለ ላዳው ጥቂት አስቦ «እነዚህ ሰዎች ጥላሁንን ያውቁታል?» ብሎ ጠየቀ። አያውቁትም ብዬ መለስሁለት። «እንግዲያማ ምናቸው ይሰማል» አለ።

መሪጌታ እስከዚያ ድረስ ጢማቸውን እየዳሰሱ ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ መናገር ጀመሩ። «ልጆቼ፥ ቅዱስ ያሬድ ሦስት ዜማ ሰጠን፤ ግዕዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ። እያንዳንዱም ወቅትና ሰዓት አለው፤ የጾሙ ለበዓል አይሆንም፥ የበዓሉም ለጾም አይሆንም። ሊቃውንቱም ግዕዝን በአብ፥ ዕዝልን በወልድ፥ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ ይመስሉታል። እንግዲህ ከሦስቱ ማንኛው ይበልጣል ብዬ ብጠይቃችሁ ምን ትላላችሁ?» ማንም አልመለሰም፤ መልሱ ወዴት እንደሚያደርስ ሁላችንም ስለምናውቅ ቡናችንን ጠጣን። የሒሳብ ሰውየው ግን ነገር የማይለቁ ሰው ናቸውና፥ «መሪጌታ፥ እርስዎ ያሉት ለዜማ ቤት ነው፤ የዓለማዊው ዘፈን ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በተባሉት ቅኝቶች የሚሄድ ስለ ሆነ ቢበላለጥ ኑፋቄ የለበትም» አሉ። መሪጌታም ይህን አመኑ፤ ነገር ግን ወዲያው ሳይጠየቁ ትዝታን ከሁሉ በላይ አድርገው ስለ ተናገሩ፥ የራሳቸውን ስብከት ራሳቸው አፈረሱት።

በዚህ ሁሉ መካከል የእኅቴ ልጅ አካሄድ ትዝ አለኝና፥ ከላይ መጀመሩ ካልተቻለ ከታች እንጀምር የሚል ሐሳብ አቀረብሁ። አንደኛው ዘፈን የትኛው እንደ ሆነ ባንስማማም፥ የመጨረሻው የትኛው እንደ ሆነ ለመስማማት ምን ያግደናል? ሁሉም ነገሩ ቀላል መሰላቸው። የሒሳብ ሰውየው ከክምራቸው ውስጥ ማንም ስሙን ሲጠራው ያልሰማነውን፥ በአንድ ሸክላ ጀርባ ላይ ያደረውን አንድ ዘፈን አወጡና «ይኸው፥ ይህ የመጨረሻው ይሁን» አሉ።

የቤቱ እመቤት ስኒ እያቀረበች ነበር። ለሒሳብ ሰውየው የዘረጋችውን ስኒ እንደ ያዘች ቀጥ ብላ ቆመችና፥ «የትኛው ነው የመጨረሻው?» አለች። ነገሯት። «የልጅነቴን ዘፈን የመጨረሻ ብለህ ነው ቡና የምትጠብቀው?» ብላ ስኒውን ለመሪጌታ ሰጠች። በሕግ ከዳኞቹ መካከል ያልተቈጠረች ብትሆንም፥ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የይግባኝ ሰሚ ችሎት ሆነች። ሌላ ዘፈን ቀረበ፤ ባለ ላዳው በሌሊት ወደ ናዝሬት ሲሄድ እንቅልፉን ያባረረለት እሱ መሆኑን ተናግሮ ተሟገተለት። ሦስተኛ ዘፈን ቀረበ፤ ይህን ደግሞ ማንም በቅጡ ስለማያስታውሰው፥ ያልታወቀን ነገር መኰነን ፍትሕ አይደለም ተብሎ እንዲሰማ ተወሰነ። ሸክላው በማጫወቻው ላይ ተደረገ። የመጀመሪያው ስንኝ ሲያልፍ ዳኞቹ በቁም ነገር ፊታቸውን ቋጥረው ያዳምጡ ነበር፤ በሁለተኛው ላይ ባለ ላዳው ጣቱን በጉልበቱ ላይ ማንሣትና መጣል ጀመረ፤ አዝማቹ ሲደርስ ግን ዘፈኑን የመጨረሻ ይሁን ብሎ ያቀረበው ሰው ራሱ ዐይኑን ጨፍኖ አብሮ ያዜም ነበር። መሪጌታም በመንገድ ሲያልፉ የሰሙት ዘፈን ይህ መሆኑን ገለጹ።

እንዲህ እያልን አንዱን ከሳሽ አቅርበን አንዱን ጠበቃ ስናገኝለት፥ መሸ። ለመጨረሻው ስፍራ የቀረበ ዘፈን ሁሉ በመከሰሱ ብቻ ወዳጅ አፈራ፤ ስሙ ለዓመታት ያልተነሣ ዜማ ለኵነኔ በተጠራበት በዚያች ሰዓት ውስጥ ከቁም ሣጥን ወጥቶ፥ አቧራው ተጠርጎ፥ ተሰማ፥ ተዘመረ፥ በይቅርታም ተመለሰ። የ20ኛው ስፍራ ባለቤት እስካሁን ድረስ አልተገኘም። በቃለ ጉባኤው ላይም «የመጨረሻው ስፍራ እጩ በመጥፋቱ ክፍት ሆኖ ይቈያል» ብዬ ጽፌ ሦስቱም ዳኞች ፈረሙበት፤ እመቤቲቱም ሳትጠየቅ ፈረመች።

ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩን ባሰላስለው አንድ የሚያስገርም ሥራ መሥራታችንን አስተዋልሁ። ከሰዓት እስከ ምሽት ስለ አንደኛው ዘፈን የተከራከርን ሰዎች፥ ከእነዚያ ከሦስቱ ታላላቅ ዘፈኖች አንዱን እንኳ አላጫወትንም። ምን ይጠቅማል? ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን፤ ስማቸው ሲጠራ ራሳችንን እንነቀንቃለን፥ ነቀነቅን ማለት ደግሞ ሰማን ማለት መስሎ ይታየናል። አንደኛ የተባለ ዘፈን እንዲህ ነው፤ ይከበራል፥ ይጠቀሳል፥ ይማልበታል፥ ነገር ግን የሚሰማው ይጠፋል። የመጨረሻ ተብሎ የተጠረጠረው ግን ያለ ምርመራ ሊፈረድበት ስለማይቻል፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጸጥታና በጥንቃቄ ይሰማል። ፍቅር ያላደረገውን ጥርጣሬ አደረገ።

ይህም በዘፈን ብቻ የሚቀር አይደለም። የምንወደውን ደራሲ ታላቁን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እንጠቅሳለን፥ ትንሹን መጽሐፉን ግን አንገልጠውም፤ የምናከብረውን መምህር የታወቀውን ምሳሌውን እንደግማለን፥ ሌላ ምን እንዳስተማረ ብንጠየቅ ግን ጕሮሯችንን እንጠራርጋለን። ውዳሴ ሲበዛ ጆሮን ያደነድናል፤ የተመሰገነ ሁሉ በደኅና ስፍራ ስላለ እኛን አይፈልግም ብለን እንተወዋለን። ዜማ ደግሞ በቸልታ የሚጠፋ ነገር መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ሸክላዎች ከመታተማቸው አስቀድሞ በመድረክ ላይ የተዜመው ብዙው ነገር፥ የሰማው ሰው ሲያልፍ አብሮ አልፏል። እነዚያ ዜማዎች በመጥፎነታቸው ተፈርዶባቸው የጠፉ አይደሉም፤ ማንም ስለ እነርሱ ስላልተከራከረ ነው።

እንግዲህ የዘመኑ ወጣቶች የወደዱትን ዘፋኝ ዜማዎች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲደረድሩ፥ ሽማግሎች «ሥራ ፈቶች» ብለው እንዳይቈጧቸው እለምናለሁ። ከታች መጀመራቸው ክብረ ነክ ቢመስልም ጥበብ አለበት፤ ከታች የሚጀምር ሰው ሁሉን ለመስማት ይገደዳል፥ ከላይ የሚጀምር ግን ከሦስተኛው በኋላ ይደክመዋል። አንድ ነገር ብቻ ለወጣቶቹ ልምከር፤ ዝርዝራችሁ ባልንጀራችሁን ሳይሰናበት የሚያስኬድ እንደ ሆነ፥ ዝርዝሩን ሳይሆን ባልንጀራችሁን አስቀድሙ፤ ቁጥር ይለወጣል፥ የተቀየመ ሰው ግን ቁጥር ስለ ተለወጠለት ብቻ አይመለስም። ቡና የምታፈላውንም ሴት ድምፅ አትንፈጉ፤ ሳይሰጧት ትወስደዋለችና።

አንተም አንባቢ ሆይ፥ የምትወደው ዘፋኝ ካለህ አንደኛውን ዘፈን ለመናገር አትቸኵል፤ እሱ ያለ አንተ ምስክርነትም ይኖራል። ይልቁንስ በሸክላ ጀርባ፥ በካሴት መጨረሻ፥ ወይም በስልክህ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳትነካው የቈየውን አውጣና የመጨረሻ ነው ብለህ ክሰሰው። ክሰሰው፤ ነገር ግን ከመፍረድህ በፊት እስከ መጨረሻው ስማው።